ቅጥቅጥ አውቶቡስን ስልክ ላይ አቁሞ ላሜራ ማሳየት፦ ከኮምቦልቻ ሱቅ የተገኘ የአሠራር መመሪያ

ኮምቦልቻ ውስጥ ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ፋይበር ግላስና የመኪና ቀለም የሚሸጡ አንድ ሐጂ አሉ። ሚሌ ያለ ጋራዥ፣ ወልዲያ ያለ በያጅ፣ ባቲ ያለ ነጋዴ ይደውልላቸውና «ያ ላሜራ ምን ዓይነት ነው?» ይላቸዋል። ፎቶ ይልካሉ። የላሜራ ፎቶ ግን ያው ላሜራ ነው፤ አንድ ሚሊ ይሁን ሦስት ሚሊ፣ ለወለል ይሁን ለጎን፣ ፎቶውን አይቶ የሚያውቅ የለም። «እስቲ ልጄ፣ ዕቃዬን መኪና ላይ አልብሰህ ስልክ ውስጥ አስገባልኝ፤ ሰውዬው እያዞረ ይየው» አሉኝ።

ደሴ ተቀምጬ ሦስት ሳምንት ሠራሁና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሱቃቸው ገባሁ። ሊንኩን በራሳቸው ስልክ ከፈትነው። ነጭ ገጽ። «አብሽር፣ ሻይ እስክንጠጣ ይከፈታል» አሉኝ። ሻዩ አለቀ፣ ስልኩ ጋለ፣ ብራውዘሩ ራሱን ዘጋ። ፋይሉ 64 ሜጋባይት ነበር። ከዚህ በታች ያለው ሥራውን እንደገና ስጀምር የተከተልኩት ቅደም ተከተል ነው።

መሣሪያዎቹ ነጻ ናቸው። ሞዴሉን፣ ማለትም እያዞሩ የሚያዩትን የመኪናውን ባለ ሦስት አውታር ቅርጽ፣ ለመሥራት ብሌንደር የሚባለው ፕሮግራም፣ ብራውዘር ላይ ለማሳየት ደግሞ ስሪ ጄኤስ የሚባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ይበቃል። ስሪ ጄኤስ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከሥሩ ሆኖ የሚስለው ዌብጂኤል በ2011 ወጥቶ ዛሬ በየኪሳችን ያሉ ስማርት ስልኮች ብራውዘር የለመደው ነገር ነው። ስለዚህ «አፕ አውርዱ» ብሎ ደንበኛን ማስቸገር የለም፤ በቴሌግራም የተላከ ሊንክ ይከፍተዋል። ጃቫስክሪፕት መጠነኛ የሞካከረ ሰው እዚህ ያለውን ሁሉ መሥራት ይችላል።

ደረጃ 1፦ ኮምፒውተር ሳትከፍቱ ሱቁ ውስጥ ቁሙ

ግማሽ ቀን በቂ ነው። ገዢው ዕቃውን ሲያገኝ በእጁ ምን እንደሚያደርግ እዩ። ባቲ የሰኞ ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ገዢ ዕቃውን ሳይነካ ዋጋ አይጠይቅም። ላሜራ ገዢ ደግሞ መጀመሪያ ጠርዙን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጠጥ ያደርጋል። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ ብድግ አድርጎ ክብደቱን ይመዝናል። ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን ያያል። ራቅ ብሎ ቆሞ «እንዴት ያምራል!» የሚል ላሜራ ገዢ አላየሁም።

የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ግን የመኪና ማስታወቂያ ይመስል ነበር። ጥቁር ዳራ፣ የሚያብለጨልጭ ቀለም፣ በዝግታ የምትሽከረከር መኪና። ሐጂ የሚሸጡት ላሜራ ሆኖ ሳለ እኔ አውቶቡስ ስሸጥ ከረምኩ። ማሳያው ማድረግ ያለበት የገዢውን እጅ መተካት ነው፦ ጠርዝ፣ ጀርባ፣ ክብደት፣ እና መኪናው ላይ የት እንደሚገባ። ከእነዚህ አንዱን የማያግዝ ጌጥ ሁሉ ሜጋባይት ከመብላት በቀር ጥቅም የለውም።

ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ አስምሩ። የመኪናው ክፍል፣ የዕቃው ስም፣ ውፍረቱ፣ ለምን እዚያ እንደሚገባ። ሱቁ ውስጥ ያለውን ሁሉ አታስገቡ። እኛ በስምንት ተስማማን፦ የጎን ላሜራ 1.5 ሚሊ፤ የአጽሙ ቱቦላሬ 40 በ40 ባለ 2 ሚሊ፤ የወለል ኮምፖርሳቶ፤ የፊት አፍንጫው ፋይበር ግላስ፤ ለበር ደረጃው እንዳያንሸራትት ጎበጥ ጎበጥ ያለ ንድፍ የወጣበት አሉሚኒየም፤ የመስኮት ጎሚኒ፤ የወንበር ስፖንጅ ከነሌዘሩ፤ መጨረሻም ቀለሙ ከነአንቲረስቱና ከነስቱኮው። ሐጂ ዘጠነኛ ሊጨምሩ ሲሉ «ዘጠነኛው ከገባ ስምንተኛውን ማንም አያየውም» ብያቸው ተውልኝ።

ለምን ቅጥቅጥ? ቅጥቅጥ የምንለው አውቶቡስ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካሉ እዚሁ አገር ውስጥ እየተበየደና እየተቀጠቀጠ የሚሠራ ነው። ከውጭ ተገጣጥሞ የመጣ የቤት መኪና ብታሳዩት በያጁ «እኔ ይህን አልሠራም» ብሎ ያልፈዋል። የምታሳዩት መኪና ደንበኛው በእጁ የሚሠራው ዓይነት ይሁን። ደንበኞቻችሁ የጭነት መኪና ስፖንዳ የሚሠሩ ከሆነ አይሱዙ ውሰዱ፤ ባጃጅ የሚያድሱ ከሆነም ባጃጅ።

ደረጃ 2፦ ሞዴሉን መሥራት

ኢንተርኔት ላይ ብዙ የተሠሩ የመኪና ሞዴሎች አሉ። ከወሰዳችሁ ለንግድ መጠቀም የሚፈቅድ ፈቃድ እንዳለው አንብቡ፤ የመኪና ፋብሪካ አርማ ካለበትም አውጡት። የእኛን ቅጥቅጥ ግን የትም አላገኘሁትም፤ ጋራዥ ሄጄ ሜትር ይዤ ለካሁ፣ ከአራት ጎን ፎቶ አነሳሁ፣ ብሌንደር ላይ ከባዶ ሠራሁት። አብዛኛው ሳጥን ስለሆነ ከቤት መኪና ይቀላል።

የሞዴሉ ገጽ የሚገነባው ከትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች፣ ከትሪያንግሎች ነው፤ የትሪያንግል ብዛት በጀት ይኑራችሁ። እኔ 80 ሺህ ላይ ቆሜያለሁ። የመጀመሪያው 1.8 ሚሊዮን ነበር፤ ከሆነ ቦታ ያመጣሁት ሻንሲ ላይ የባሌስትራው ብሎን ጥርስ ሳይቀር ተቀርጾበት ነበር፤ ማን ሊያየው? ጠፍጣፋው ጎን ጥቂት ትሪያንግል ይበቃዋል። ክብ ነገር ላይ፣ ቸርኬና ጎማው ላይ፣ ትንሽ ለቀቅ አድርጉ፤ ማዕዘን ያለው ጎማ ወዲያው ያስቃል።

ስልኩን ከትሪያንግሉ ይልቅ የሚያደክመው ለየብቻ የሚሳሉ ቁርጥራጮች ብዛት ነው። ሃያ መስኮት ሃያ ጎሚኒ ካለው ሃያውንም አንድ አድርጋችሁ አዋህዱ፤ ዕቃቸው አንድ ነውና። ደንቡ ቀላል ነው፤ አንድ ዕቃ አንድ ቁራጭ። ለየብቻ መነካት ያለባቸውን ብቻ ለዩ። ለእያንዳንዱ በላቲን ፊደል አጭር ስም ስጡት፣ በቃላት መሀል ክፍተት አይግባ፤ ኋላ በኮድ የምትጠሩት በዚያ ስም ነው።

ልኩ በሜትር ይሁን። 7 ሜትር አውቶቡስ ብሌንደር ላይም 7 ሜትር ይሁን። ስኬሉን (ስታሳድጉ ስታሳንሱ የቀየራችሁትን መጠን) ሳታጸኑ ካወጣችሁት በኮድ ከሞዴሉ የምትወስዱት ልክ ሊሳሳት ይችላል።

ደረጃ 3፦ ላሜራውን ላሜራ ማስመሰል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ዛሬ የሚሠራበት አሠራር ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ዋና ቁጥር ይጠይቃል። አንዱ ብረትነት ነው፤ 0 ወይም 1፣ መሀል ላይ ያለ ዕቃ በተፈጥሮ የለም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ሻካራነት ነው፤ 0 መስተዋት፣ 1 ደግሞ ምንም የማያንጸባርቅ።

እንግዲህ የተቀባ ላሜራ ብረትነቱ ስንት ነው? «ብረት ነዋ፣ 1» ትላላችሁ። እኔም ብዬ ነበር። መልሱ 0 ነው። ብርሃኑ የሚያገኘው ቀለሙን እንጂ ብረቱን አይደለም። 1 ያደረጋችሁ እንደሆነ ነጩ አውቶቡስ እንደ አዲስ ድስት ያብለጨልጫል። ቀለሙ ላይ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ካለበት ስሪ ጄኤስ ለዚያ ራሱን የቻለ የላይ ሽፋን ቅንብር አለው፤ ያንን ከፍ አድርጉ። ዝገትም 0 ነው። ያልተቀባ ላሜራ፣ ጋልቫናይዝድና አሉሚኒየም 1 ናቸው፤ የሚለያዩት በሻካራነታቸውና በቀለማቸው ነው። ጋልቫናይዝድ ላይ የዚንኩን እንደ ውርጭ ቅርጽ የሚዘረጋ ዝንጉርጉር ካላወጣችሁ ሰው አያውቀውም።

ጎማና ጎሚኒን ፍጹም ጥቁር አታድርጉ። ጥቁር ጎማ ፀሐይ ላይ ስታዩት ጥቁር ግራጫ ነው፤ ፍጹም ጥቁር ከሆነ ስክሪኑ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ይመስላል። ሻካራነቱን 0.9 አካባቢ አድርጉት።

ፋይበር ግላስን ለማወቅ ፊቱ አይረዳም፤ ፊቱ ሲቀባ ላሜራ ይመስላል። የሚናገረው ጀርባው ነው፤ ክሩ የተወሳሰበበት፣ ሙጫው ያደረበት። ስለዚህ ሞዴሉ ላይ የሚለጠፍ የጀርባውን ፎቶ አንሱ። አነሳሱ እንዲህ ነው፦ ጥላ ውስጥ፣ ሰማዩ ብሩህ ሲሆን፣ ስልኩን ከዕቃው ትይዩ ቀጥ አድርጋችሁ። ፀሐይ ላይ ካነሳችሁት የፀሐዩ ጥላ ፎቶው ውስጥ ተጋግሮ ይቀርና ሞዴሉ ሲዞር ጥላው አብሮት ይዞራል። ጎኑ ላይ ነጭ ወረቀትና ማስመሪያ አስቀምጡ፤ ወረቀቱ ቀለሙን ለማስተካከል፣ ማስመሪያው ልኩን ለማወቅ። 20 ሴንቲ በ20 ሴንቲ የሆነ ቦታ 1024 ፒክስል ምስል ላይ ብታስቀምጡ ለአንድ ሚሊ ሜትር 5 ፒክስል ይደርሰዋል፤ ክሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አሁን ስልኩን ያጋለውን ነገር ልንገራችሁ። ምስል ፋይል ሆኖ ሲቀመጥ 400 ኪሎባይት ሊሆን ይችላል፤ የስልኩ ግራፊክስ ሜሞሪ ውስጥ ሲገባ ግን ተፈትቶ ነው የሚገባው። 2048 በ2048 ፒክስል ምስል 16 ሜጋባይት ይይዛል፤ ለርቀት ከሚሠሩት ትናንሽ ቅጂዎች ጋር 21 ይደርሳል። ስምንት ዕቃ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ምስል፣ 24 ምስል፤ 500 ሜጋባይት ተሻገረ። ወደ 1024 ስታወርዱት ጠቅላላው 128 ይሆናል። ኬቲኤክስ 2 በሚባለው አቀማመጥ ካወጣችሁት ደግሞ ሜሞሪ ውስጥም ተጨምቆ ስለሚቀመጥ እያንዳንዱ ወደ አንድ ሜጋባይት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ሌላም ቁጠባ አለ። ሻካራነትና ብረትነት ሁለት ምስል መሆን የለባቸውም፤ በአንዱ ምስል አረንጓዴ ክፍል ሻካራነቱን፣ በሰማያዊው ብረትነቱን ማስቀመጥ ጂኤልቲኤፍ የሚባለው የሞዴል ፋይል ዓይነት ደንብ ነው፤ ብሌንደርም ሲያወጣ ያውቀዋል።

ደረጃ 4፦ ጠርዙን የምታሳዩበት የ10 ሴንቲ ናሙና

ይህ የሥራው እምብርት ነው።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። 7 ሜትር አውቶቡስ ብራውዘሩ 360 ፒክስል ስፋት ብሎ በሚቆጥረው የስልክ ስክሪን ላይ ሙሉ በሙሉ ሲታይ አንድ ፒክስል ወደ 19 ሚሊ ሜትር ይወክላል። 1.5 ሚሊ ላሜራ የአንድ ፒክስል አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ያ ማለት ገዢው መጀመሪያ የሚቆነጥጠው ነገር በአውቶቡሱ ላይ ጭራሽ የለም። ካሜራውን አስጠግታችሁ ስክሪኑ ላይ 10 ሴንቲ ብቻ እንዲታይ ብታደርጉ ግን ያው 1.5 ሚሊ ከ5 ፒክስል በላይ ይሆናል። ዓይን ይይዘዋል።

ታዲያ ካሜራውን አውቶቡሱ ላይ እስከዚያ ድረስ ማስጠጋት አያዋጣም። የካሜራው የቅርብ ወሰን (ከዚያ የቀረበውን ነገር የማይስልበት ርቀት) ዕቃውን ይቆርጠዋል፤ ወሰኑን በጣም ካቀረባችሁት ደግሞ ከሩቅ ሲታይ ተደራራቢ ገጽታዎች እርስ በርስ መብለጭለጭ ይጀምራሉ። እኔ የተውኩት ለዚህ ነው። በምትኩ ለእያንዳንዱ ዕቃ በመጋዝ የተቆረጠ የሚመስል 10 ሴንቲ በ10 ሴንቲ ናሙና ለብቻው ሠራሁ። ተጠቃሚው የአውቶቡሱን ጎን ሲነካ አውቶቡሱ ደብዘዝ ይላል፣ ናሙናው ከፊት ብቅ ይላል፣ ጠርዙ ወደ ተመልካቹ ዘንበል ብሎ።

ናሙናው ላይ ሦስት ነገር አትርሱ። ጠርዙ እውነተኛ ውፍረቱ ይሁን፣ «እንዲታይ» ብላችሁ አታወፍሩት፤ በያጅ ያውቃል። ጠርዙ ላይ ያለው ብረት ያልተቀባ ይሁን፣ ሲቆረጥ የሚታየው እሱ ነውና። ከጠርዙ ጎን የሚሊ ማስመሪያ አስቀምጡ፤ ያለ ማስመሪያ ስክሪን ላይ ያለ ነገር ሁሉ መጠን የለውም።

ለቀለሙ ናሙና ጠርዙን እንደ ደረጃ አድርጌ ከፈልኩት፤ ከታች ላሜራ፣ ከዚያ አንቲረስት፣ ከዚያ ስቱኮ፣ ከላይ ቀለም። የቀለም ድርብ የሚሊ ሜትር ትንሽ ክፍልፋይ ስለሆነ እዚህ ላይ ብቻ አጉልቼዋለሁ፤ «ለማሳየት ጎልቷል» የሚል ጽሑፍም ከሥሩ አለ። «ጀርባውን አሳይ» የሚለው ቁልፍ ናሙናውን ግማሽ ዙር ይገለብጠዋል። በጣም ቀላል ቁልፍ ነው።

ደረጃ 5፦ ክብደቱን በጣት ማስመዘን

ስልክ ላይ ላሜራ ብድግ አይደረግም። በምትኩ ውፍረት የሚቀይር ተንሸራታች ቁልፍ አድርጉና ክብደቱን ወዲያው ይናገር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ብረት በኪዩብ ሜትር 7,850 ኪሎ፣ አሉሚኒየም 2,700 ኪሎ ይመዝናል። 1.5 ሚሊ የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር 11.8 ኪሎ ይመጣል። አሉሚኒየም በዚያው ውፍረት 4 ኪሎ ብቻ።

እዚህ ላይ ማሳያው እንዳይዋሽ ተጠንቀቁ። «አሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ይቀላል» ብሎ ማቆም ደስ ይላል፤ ግን በያጁ በዚያው ውፍረት ገጥሞ ጎኑ ሲንቀጠቀጥ ሐጂ ዘንድ ተመልሶ ይመጣል። አሉሚኒየም ግትርነቱ (አልታጠፍ ባይነቱ) የብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ እኩል ላለመታጠፍ ወፈር ማለት አለበት፤ ለጠፍጣፋ ነገር 1.4 እጥፍ ያህል። ስለዚህ የ1.5 ሚሊ ብረት እኩያው 2.1 ሚሊ አሉሚኒየም ነው፤ እሱም በካሬ 5.7 ኪሎ። አሁንም ግማሹ ነው፤ ጥሩ ቁጥር ነው፣ እውነትም ነው። 20 ካሬ ሜትር ጎን ላለው አውቶቡስ ከ235 ኪሎ ወደ 113 ኪሎ መውረድ ማለት ነው። ሐረጎን ጭኖ የወጣ ሾፌር 120 ኪሎ ምን እንደሆነ አይነገረውም።

ማሳያው ላይ ሁለት ቁልፍ አደረግሁ፤ «በእኩል ውፍረት» እና «በእኩል ግትርነት»። ሲከፈት ሁለተኛው ይመረጣል። ከሱቁ ዕቃ አንዱ ርካሽ ሆኖ ሌላው ውድ ቢሆንም ቁልፉ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሚዛን ነው።

ለቱቦላሬው በሜትር አስሉ። 40 በ40 ባለ 2 ሚሊ ወደ 2.4 ኪሎ በሜትር ይመጣል፤ የማዕዘኑን ክብነት ካልቆጠርን።

ደረጃ 6፦ ፋይሉን ማውጣት

አጭር ነው። ከብሌንደር ጂኤልቢ (አንድ ወጥ የሆነው ጂኤልቲኤፍ) አድርጋችሁ አውጡ፤ ሞዴሉም ምስሉም በአንድ ፋይል ይታሸጋል። ቅርጹን ድራኮ በሚባለው መጭመቂያ ጨምቁ። ድራኮ የሚያሳንሰው የሚወርደውን ፋይል ነው፤ ስልኩ ውስጥ ሲፈታ የትሪያንግሉ ብዛት ያው ነው፤ ስለዚህ የደረጃ 2ን በጀት አይተካም።

ዒላማችሁ 3 ሜጋባይት ይሁን። በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚያመጣ መስመር 3 ሜጋባይት 12 ሰከንድ ይወስዳል። የእኔ 64 ሜጋባይት በዚያው መስመር አራት ደቂቃ ከሩብ ይፈጅ ነበር፤ ሐጂ ሻዩን ያሉት ከልባቸው ነው።

ደረጃ 7፦ ብርሃንና ካሜራ

ብረት የሚያምረው የሚያንጸባርቀው ነገር ሲኖር ነው። ባዶ ዳራ ላይ አሉሚኒየም ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስሪ ጄኤስ ያለ ምንም ፋይል በኮድ ብቻ የተሠራ ባለ መብራት ክፍል አብሮት ይመጣል፤ ሩም ኢንቫይሮንመንት ይባላል። እሱን ተጠቀሙ፣ የሚወርድ የምስል ፋይል የለውም። የኮምቦልቻን ሰማይ በፓኖራማ አንስቼ ልጠቀም ብዬ ሁለት ቀን አጠፋሁ። የስልክ ፓኖራማ ፀሐይዋን ነጭ አድርጎ ስለሚቆርጣት ብረቱ አመድ ነገር ሆነ፤ ተውኩት።

ከአውቶቡሱ ሥር ያለውን ጥላ ብሌንደር ላይ አስልታችሁ ወለሉ ላይ እንደ ምስል ለጥፉት። አውቶቡሱ አይንቀሳቀስም፣ የሚዞረው ካሜራው ነው፤ ጥላውን በየቅጽበቱ ማስላት ስልኩን በከንቱ ማድከም ነው።

ካሜራው ከመሬት በታች እንዳይገባ ወሰን ስጡት፤ የቅርቡንም የሩቁንም ርቀት ገድቡ። ካልገደባችሁት የመጀመሪያው ሕፃን ልጅ አውቶቡሱን ጨረቃ ላይ አድርሶ ይመልስላችኋል። ሁለተኛ፣ ነገሩ ካልተንቀሳቀሰ አትሳሉ። ብዙ ምሳሌ ኮዶች በሰከንድ 60 ጊዜ ያለ ማቋረጥ ይስላሉ። ተጠቃሚው ሲነካ ብቻ እንዲሳል ካደረጋችሁት ባትሪው ይተርፋል፣ ስልኩም አይግልም። ሦስተኛ፣ የፒክስል እፍጋቱን (ብራውዘሩ አንድ ብሎ የሚቆጥረው ፒክስል በአንድ ጎኑ ስንት የስክሪን ነጥብ እንደሚይዝ) 2 ላይ ግቱት፤ ስልኩ 3 ቢሆንም ዓይን ልዩነቱን አያገኘውም፤ ስልኩ ግን ከእጥፍ በላይ ሥራ ይቀርለታል።

ደረጃ 8፦ ንክኪና ስም

ጣት ሲነካ የትኛው ክፍል እንደተነካ የሚያውቀው ሬይካስተር የሚባለው ነው፤ ከካሜራው በጣቱ አቅጣጫ ጨረር ልኮ የመጀመሪያ የሚያገኘውን ይናገራል። ችግሩ ማዞርና መንካት ሁለቱም በአንድ ጣት መሆኑ ነው። ጣቱ ከወረደበት ተነሥቶ እስኪለቅ ከ8 ፒክስል በላይ ከሄደ ማዞር ነው፣ ካልሄደ መንካት ነው። የሥራ እጅ ላይ ጣት ወፍራም ስለሆነ እኔ ወደ 12 አሳድጌዋለሁ።

የመስኮቱ ጎሚኒ ቀጭን ስለሆነ ማንም አልነካው አለ። ዙሪያውን የማይታይ ወፍራም ሳጥን አደረግሁና ጨረሩ እሱን እንዲያገኝ አደረግሁ። ከዚያም በላይ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ያለበት ክብ ቁልፍ አስቀመጥኩ፤ ሰው ምን እንደሚነካ ሲያይ ነው የሚነካው። ቁልፎቹን ሞዴሉ ውስጥ አትሳሏቸው፤ ከላይ ተንሳፋፊ የገጹ ቁልፎች ይሁኑ። ጽሑፉም እንዲሁ። የግዕዝ ፊደል በገጹ ጽሑፍ ሲሆን ያምራል፣ ይፈለጋል፣ ይገለበጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጥሩ ፊደል ነው፤ የማትጠቀሙባቸውን ፊደላት ቀንሳችሁ አሳንሱት፣ በመስመሮች መካከልም ለላቲን ከምትሰጡት ሰፋ ያለ ቦታ ስጡ፤ ፊደላችን ትንፋሽ ይፈልጋል።

ስሞቹ ላይ አልደራደርም። መጀመሪያ «የጎማ መከለያ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ በያጁ «ፓራፋንጎ ማለትህ ነው?» አለኝ። ሰው የሚለውን ጻፉ፦ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ ስፖኪዮ፣ ሻንሲ፣ ቸርኬ። ማብራሪያው ከሥሩ በሰፊው አማርኛ ሊመጣ ይችላል።

አንድ ወጥመድ አለ። ማሳያው የስልኩን ስክሪን ከሞላ፣ ተጠቃሚው ገጹን ወደ ታች ሊያወርድ ሲያንሸራትት አውቶቡሱ ይዞርና ይቀራል፤ መውጫ ያጣል። ከፍታውን የስክሪኑ ሁለት ሦስተኛ ላይ አቁሙ፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ጣት ገጹን እንዲያንቀሳቅስ ፍቀዱ። አውቶቡስ ወደ ጎን ሲዞር በቂ ነው፤ ጣሪያውን ለማየት የሚጓጓ የለም።

ደረጃ 9፦ እስኪከፈት ምን ይታያል?

ነጭ ገጽ አይታይ፤ ከእኔ ተማሩ። መጀመሪያ 50 ኪሎባይት የሚሆን የአውቶቡሱ ፎቶ ይምጣ፤ ላዩ ላይ «አዙረህ እይ፣ 3 ሜጋባይት» የሚል ቁልፍ። ካርድ ሞልቶ ዳታ የሚቆጥር ሰው ምን ያህል እንደሚሄድበት ማወቅ አለበት። ከቁልፉ ሥር የስምንቱ ዕቃ ዝርዝር በጽሑፍ ይኑር፤ ውፍረቱ፣ ክብደቱ፣ የናሙናው ፎቶ። ስልኩ አቅም ያጣ ሰው ዝርዝሩን ብቻ አይቶ መደወል ይችላል። ስልኩ ሜሞሪ ሲያጥረው ዌብጂኤልን ነጥቆ ይወስደዋል፤ ያንን ምልክት አዳምጡና ፎቶውን መልሱ፣ ጥቁር ሳጥን አትተዉ።

ሱቁ ውስጥ ላለው ታብሌት ፋይሎቹን ብራውዘሩ ውስጥ እንዲቀመጡ አድርጉ፤ ኔትወርክ ሲሄድ ይሠራል።

ደረጃ 10፦ ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ በስድስት ሰዓት

ሙከራው ላፕቶፕ ላይ አይደለም። ሱቁ ውስጥ ካሉ ሠራተኞች መካከል በጣም ያረጀውን ስልክ ተውሱ፤ ፀሐይ ላይ ውጡ፤ ለማያውቀው ሰው ስጡትና ዝም በሉ። «እዚህ ጋ ንካ» አትበሉ። እኔ ሦስት ነገር ተማርኩ። ግራጫ ጽሑፍ በግራጫ ዳራ ላይ ቀትር ላይ አይነበብም፤ ጥቁር በነጭ አደረግሁት። የስቱኮ አቧራ ያለበት ጣት ስክሪኑ ላይ ሁለት ጊዜ ይነካል፤ ናሙናው ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋል፤ ስለዚህ ከተከፈተ በኋላ ለግማሽ ሰከንድ መዝጊያው እንዳይሰማ አደረግሁ። ሦስተኛው፣ «ተመለስ» የሚለውን የገጹን ቁልፍ ማንም አልነካም፤ ሁሉም የስልኩን የመመለሻ ቁልፍ ተጫኑና ከገጹ ወጥተው ቀሩ። የስልኩ መመለሻ ናሙናውን ብቻ እንዲዘጋ አድርጉ።

ዋጋ ገጹ ላይ አልጻፍንም፤ በየሳምንቱ ይቀያየራል። በምትኩ በእያንዳንዱ ናሙና ሥር አንድ የመደወያ ቁልፍ አለ። ሐጂም ከ1 እስከ 8 ያሉትን ቁጥሮች በነጭ ቀለም መደርደሪያቸው ላይ ጻፉ። ባለፈው ሳምንት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ከሚሌ ስልክ ተደወለ። «ሐጂ፣ ቁጥር 1ን አሥር ፍሬ፣ ቁጥር 2ን ስድስት ዘንግ። ቁጥር 4 ጀርባው ላይ ክሩ ሳሳ ብሎብኛል፤ ወፈር ያለ የለም?» ሐጂ ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው ወደ እኔ ዞሩና «ይኸው፣ ዘጠነኛውን አስገባ ብዬህ ነበር» አሉኝ።